የዶሮ ፖት ፓይ በቤታችን፦ አንድ ዶሮ ለስምንት ሰው፣ ኦቨን ቢኖርም ባይኖርም

በቤታችን ዶሮ ሊታረድ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ለስንት ሰው ይበቃል?» የሚለው ነው። በዶሮ ወጥ ሥርዓት አንዲት ዶሮ 12 ብልት ይወጣላታል። ፈረሰኛው ለአባወራው፣ እግሩ ለእንግዳው እየተባለ ሲከፋፈል ልጆቹ ጋ የሚደርሰው ክንፍና አንገት ነው። አሁን ባለው የዶሮ ዋጋ ደግሞ ሁለተኛ ዶሮ መጨመር ለብዙ ቤተሰብ የሚሞከር አይደለም። ፖት ፓይ የሚባለው ምግብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ፣ በጣት ተፈትቶ፣ ከአትክልትና ከወፍራም ነጭ ስጎ ጋር ስለሚደባለቅ አንዲት መካከለኛ ዶሮ ስምንት ሰው ታጠግባለች። «እግሩ ለማን ደረሰ?» የሚል ኩርፊያም አይኖርም።

ጽሑፉ በተለይ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለምትኖሩ ቤተሰቦች የታሰበ ነው። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ አንዱ ወደ ጅማ፣ አንዱ ወደ አምቦ፣ አንዱ ወደ ጎጃም በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። በኢንተርኔት የምናገኛቸው የፖት ፓይ አሠራሮች ግን ኦቨን ላለው፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ብሎ ለማይኖር፣ ዶሮውን ታርዶና ታሽጎ ለሚገዛ ሰው የተጻፉ ናቸው። እኛ ጋ ሦስቱም ነገር ይለያል። አሠራሩን እንዳለ ገልብጦ የሞከረ ሰው ደግሞ ዶሮውንም ዱቄቱንም ያከስራል። እኔ ራሴ ሱሉልታ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አክስሬያለሁ።

ፖት ፓይ ምንድን ነው?

ፓይ ማለት በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር ምግብ ነው፤ ጣፋጭም ሆነ ሥጋ ሊሆን ይችላል። ፖት ፓይ የሚባለው ጥልቀት ባለው ዕቃ ውስጥ የሚሠራው ሲሆን በእንግሊዝና በአሜሪካ የቤት ምግብ ሆኖ የቆየ ነው። በ1796 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ በታተመው የአሚሊያ ሲመንስ የምግብ መጽሐፍ ውስጥም የዶሮ ፓይ አለ። ካሰሮል የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት ነው፤ ከሥር ሊጥ አይነጠፍም፣ ከላይ ብቻ ይሸፈናል። እዚህ የምናየው እሱን ነው፤ ሊጥ መዳመጥም አይጠይቅም።

ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ፓስታ አልፎርኖ ወይም ላዛኛ የሠራ ሰው ነጩን ስጎ ያውቀዋል፤ ቤሻሜል የሚባለው ነው። በሙስሊሙ ዓለምም ዶሮንና ሊጥን አንድ ላይ መጋገር የቆየ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ኢብን ሰያር አል-ወራቅ ያዘጋጀው «ኪታቡ ጠቢኽ» ጁዛባ ስለሚባል ምግብ ይናገራል። በምድጃው ሥር ዳቦ ወይም ስስ ቂጣ ያለበት መጥበሻ ይቀመጣል፤ ከበላዩ የተንጠለጠለው ዶሮ ሲጠበስ ጭማቂው እየተንጠባጠበ ያርሰዋል። ሞሮኮዎች ደግሞ በስጢላ የሚሉት በስስ ሊጥ የተጠቀለለ የርግብ ወይም የዶሮ ፓይ አላቸው። የእኛው ፖት ፓይ በጣዕሙ ለዶሮ አልጫ ይቀርባል። በርበሬ ካልገባበት ምግብ አይመስለኝም የሚል ቤተሰብ ካላችሁ አዋዜውን ማዕድ ላይ አቅርቡለት እንጂ ድስቱ ውስጥ አትጨምሩት።

ዶሮዋ፦ ከገበያ እስከ ቢላዋ

አብዛኞቻችን ዶሮ የምንገዛው በሕይወት ነው። ዓይኗ የነቃ፣ ኩክኒዋ የቀላ፣ ከአፍንጫዋ ፈሳሽ የማይወርድ፣ የጅራቷ ሥር ንጹሕ የሆነ ዶሮ ምረጡ። እግሯ ታስሮ፣ ተዘቅዝቃ ረጅም መንገድ የመጣች ዶሮ ቤት ሳትደርስ ልትሞት ትችላለች። ሳትታረድ ከሞተች በክት ናት፤ ብሩም ሄደ፣ ሥጋውም አይበላ። ስለዚህ በቅርጫት ወይም በካርቶን ይዛችሁ መሄድ ይሻላል። (ጓሮ የምታረቡ ካላችሁ፣ ዶሮዎቻችሁ በአንድ ጊዜ ብዙ ሆነው ከሞቱ ለቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ንገሩ። የአገሪቱ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ራሱ ሰበታ ውስጥ ነው።)

የሐበሻ ዶሮ ሥጋዋ ጠንካራ፣ መረቋ ግን የሚጣፍጥ ነው። የፈረንጅ ሥጋ ዶሮ ቶሎ ይበስላል፤ መረቁ ቀጠን ይላል። ለፖት ፓይ እኔ የምመርጠው እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ ነው። ለጥብስ አትሆንም፣ ዋጋዋም ቀለል ይላል፤ ተቀቅላ የምትፈታ ስለሆነ ጥንካሬዋ ችግር አይሆንም።

መንደር ውስጥ ቆሻሻ ስትለቅም የዋለች ዶሮን ወዲያው አለማረድ ጥሩ ነው። በፊቅህ መጻሕፍት «ጀላላ» የሚባለው ርእስ ይህን ይመለከታል። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) እንዲህ ዓይነቷን ዶሮ ለሦስት ቀን ከልለው ያቆዩ እንደነበር ተዘግቧል። እናቶቻችንም ለበዓል የተገዛችውን ዶሮ ቀደም ብለው ገዝተው፣ አስረው እህል የሚያበሏት ያለ ምክንያት አይደለም። ሥጋው ከሽታ ይጸዳል።

አሁን ብዙ ቤት ወደሚያስቸግረው ነገር እንምጣ። ዶሮዋ ተገዝታለች፣ ውሃው ፈልቷል፣ እንግዳ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ ግን ወንድ የለም። ባል ሥራ ነው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ነው። እናት ዶሮዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ታያለች። እኔም ቆሜ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ከዙህር እስከ ዐስር ድረስ። «ሴት አታርድም» የሚለው አባባል በአገራችን በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። በሸሪዓ ግን መሠረት የለውም። በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው የከዕብ ኢብን ማሊክ አገልጋይ የነበረች አንዲት ሴት መዲና አጠገብ ሰልዕ በሚባል ተራራ በጎች ስትጠብቅ አንዲቱ በግ ልትሞት ተቃረበች። ሴትዮዋም ድንጋይ ሰብራ በስለቱ አረደቻት። ጉዳዩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲቀርብ ሥጋዋን እንዲበሉ አዘዙ። ዑለማኦች ከዚህ ተነስተው የሴት እርድ ትክክለኛ መሆኑን ያስረዳሉ፤ በወር አበባ ላይ ብትሆንም እርዷን አያበላሸውም።

ስለዚህ እህቶች፣ ማረድ የምትችሉ ከሆነ እረዱ። መፍራት ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ መጠበቅም ነውር የለውም። አስቀድሞ ቢላዋው ይሳል፤ ዶሮዋ እያየችው ግን አይሳል። ወደ ቂብላ አዙሮ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ ጉሮሮዋን፣ የምግብ ቧንቧዋንና በግራና በቀኝ ያሉትን የደም ሥሮች በአንድ ፈጣን ምት መቁረጥ ነው። ከዚያ ደሟ እስኪፈስና እንቅስቃሴዋ ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቁ። በጥድፊያ ገና እየተንፈራፈረች የፈላ ውሃ ውስጥ የሚከቱ አሉ። ይህ እንስሳዋን ማሰቃየት ነው፤ ከመታረዷ ይልቅ በውሃው ሞተች የሚል ጥርጣሬም ያመጣል። አምስት ደቂቃ መታገስ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የታሸገ ወይም የቀዘቀዘ ዶሮ የምትገዙ ከሆነ ጥያቄው «ማን አረደው?» የሚለው ነው። ጽሑፉን አንብቡ፣ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ስለ አህለል ኪታብ ምግብ ሱረቱል ማኢዳ ውስጥ ያለውን አንቀጽና ዑለማኦች ያስቀመጡትን ዝርዝር መስፈርት እዚህ አላነሳም፤ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። በአገራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱን እርድ መብላቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ጎረቤትም ይህን አውቆ ይከባበርበታል።

ስለ ማጠብ አንድ ነገር ልበል። የጤና ባለሙያዎች ጥሬ ዶሮ በቧንቧ ሥር ሲታጠብ ፍንጣሪው ጀርም ወደ ሌላው ዕቃ ያዳርሳል ይላሉ። ከእናቶቻችን ጋር ዶሮ አትታጠብ ብሎ መከራከር ግን የሚቻል አይደለም። እንግዲያው በሰፊ ሳህን ውስጥ ሳያንቦራጭቁ ማጠብ፣ ከዚያም ሳህኑን፣ ቢላዋውን፣ መክተፊያውንና እጅን በሳሙና ማጽዳት ያስታርቃል። በሎሚ ካጠባችሁ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። የሎሚ ቅሪት በኋላ ወተቱን ይቆርጠዋል።

ቅቅሉና ከፍታው

የፊዚክስ መምህር አልነበርኩም፤ ይህን ግን ወጥ ቤት አስተምሮኛል። በባሕር ዳርቻ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሰበታ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ቡራዩ ከእሷ ከፍ ትላለች፣ ሱሉልታ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። ውሃችን የሚፈላው በ91 እና በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው ማለት ነው። ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ ያን ያህል አይደለም። ውጭ አገር «40 ደቂቃ ቀቅሉ» የተባለው እኛ ጋ አንድ ሰዓት ይሆናል። እንቁላል የጣለች የሐበሻ ዶሮ ደግሞ ሁለት ሰዓት ብትፈጅ አትገረሙ። ፕሬዠር ካላችሁ ጊዜውም ነዳጁም በብዙ ይቀንሳል።

መብሰሏን በሰዓት አትወስኑ። የጭኑ ሥጋ ከአጥንቱ ሳይጎተት ሲለቅ፣ መገጣጠሚያው ላይ ደም ያለው ፈሳሽ ሳይታይ ሲቀር በስላለች። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ሥጋው መሃል 74 ዲግሪ መድረሱን ይይ።

ከፍታው ሊጡንም ይነካል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ ያለ ብዙ ተቃውሞ ይለጠጣል። ሊጡ ቶሎ ይነሳል፣ ውስጡ ሳይበስል ደግሞ ይሰምጣል። የእኔ የመጀመሪያው ፖት ፓይ የሆነው ይኸው ነው። ቪዲዮው ሦስት የሻይ ማንኪያ አለ፣ እኔም ሦስት አደረግኩ፤ ከላይ ጎድጓዳ፣ ከሥር ጥሬ ሊጥ ሆኖ ወጣ። አሁን ሁለት ብቻ አደርጋለሁ፣ ወተቱን ትንሽ ጨምሬ።

የሚያስፈልገው (ለ8 ሰው፣ ኩባያው ሩብ ሊትር የሚይዝ)

ለውስጡ፦ 1 ዶሮ፣ 3 ካሮት፣ 3 መካከለኛ ድንች፣ 1 እፍኝ ፎሶሊያ ወይም 1 ኩባያ እሸት አተር፣ 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው።

ለስጎው፦ 5 የሾርባ ማንኪያ ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት፣ 8 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት፣ 2 ኩባያ የዶሮው መረቅ፣ 1 ኩባያ ወተት።

ለሽፋኑ፦ 2 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 እንቁላል፣ 1 ኩባያና 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ።

በቅመም የተነጠረው ቅቤ ለዚህ አይሆንም፤ ኮረሪማውና አብሹ ጦስኙን ይውጡታል። ወተቱን ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ ከብት አርቢዎች በቀጥታ የምትገዙ ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ጥሬ ወተት የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ያስተላልፋል፤ «ንጹሕ ላም ናት» የሚለው ማረጋገጫ አይደለም።

አሠራሩ

ዶሮዋን ከግማሽ ሽንኩርት፣ ከጨውና ከጥቂት ቁንዶ በርበሬ ጋር በሚሸፍናት ውሃ ቀቅሉ። አረፋውን እየገፈፋችሁ ጣሉ። ስትበስል አውጥታችሁ እስክትበርድ ድረስ መረቁን አጥሉ። ሥጋውን በጣታችሁ እየፈታችሁ ከአጥንቱ ለዩ፤ ቆዳው ለፖት ፓይ አይሆንም። ትንንሽ አጥንት እንዳይቀር ሁለት ጊዜ ዳስሱት፣ በተለይ አንገቱንና የጀርባውን ሥጋ። ልጅ የሚበላው ምግብ ነው። የተረፈውን መረቅ አትድፉት፤ ለነገ ሾርባ ይሆናል።

ካሮቱን፣ ድንቹንና ፎሶሊያውን በትንንሹ ከትፋችሁ በመረቁ ውስጥ አብስሉ። ሊበስል ጥቂት ሲቀረው አውጡት፣ በኋላ ከሊጡ ሥር ይጨርሳል።

ስጎው ትዕግሥት ይፈልጋል። ቅቤውን አቅልጡና የቀረውን ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ ጨምሩ። እዚህ ላይ ቁሌት የለመደ እጅ ይሳሳታል። ሽንኩርቱ መቅላት የለበትም፤ ለስልሶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስል ይበቃዋል። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቀጥሎ ዱቄቱን ጨምራችሁ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ደቂቃ ያህል አማስሉ። ከዚያ ትኩሱን መረቅ በጭልፋ በጭልፋ እያደረጋችሁ፣ እያንዳንዱ ሲዋሐድ ሌላውን ጨምሩ። በአንድ ጊዜ ከደፋችሁት ይጓጉላል። ከጓጎለም አትደንግጡ፤ በሹካ ወይም በሽቦ መምቻ ምቱት፣ ካልሆነም በወንፊት አሳልፉት። ወተቱን በመጨረሻ ጨምሩና በቀስታ እሳት አምስት ሰባት ደቂቃ አንተክትኩት። የእንጨት ማንኪያውን ጀርባ ለብሶ በጣት ሲጭሩት መስመሩ ካልተከደነ ደርሷል። ሥጋውን፣ አትክልቱንና ጦስኙን ጨምራችሁ ጨውን ቅመሱ። ጾመኛ ከሆናችሁ የማይጾም ልጅ ያስቀምሳችሁ፤ ዑለማኦች ለአስፈላጊ ጉዳይ ሳይውጡ ጫፍ መቅመስን እንደሚፈቅዱም ይታወቃል።

ሁሉንም 20 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጥልቅ ትሪ ውስጥ ገልብጡ። የሽፋኑን ደረቅ ነገሮች ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ ደባልቃችሁ በመጨረሻው ደቂቃ አገናኙ። ቤኪንግ ፓውደር እርጥበት ሲያገኝ ሥራውን ስለሚጀምር ተለውሶ መቀመጥ የለበትም። ብዙ አትምቱት፤ ትንሽ ሻካራ ቢሆን ይመረጣል። ከፓንኬክ ሊጥ ወፈር ያለ ይሆናል። ውስጡ ትኩስ እንዳለ በማንኪያ እያነሳችሁ ከላይ አድርጉ፤ እዚህም እዚያም ክፍተት ተዉ፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት። የቀዘቀዘ ስጎ ላይ የተደረገ ሊጥ ከሥሩ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። በ200 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ከ30 እስከ 35 ደቂቃ፣ ከላይ ወርቃማ እስኪሆን ይጋገር። ስንጥር ወግታችሁ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በቃው። አሥር ደቂቃ ሳይቆረጥ ይቀመጥ፤ ስጎው የሚረጋው ያኔ ነው።

ኦቨን ለሌለው

በእነዚህ ከተሞች ኦቨን ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ያለውም መብራት ሲጠፋ ከሌለው እኩል ነው። ነገር ግን ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት አገር ውስጥ ሆኖ ኦቨን የለኝም ብሎ መተው አይገባም። ድፎ ላይ እሳት ከሥርም ከላይም ይደረጋል፤ ለፖት ፓይም የሚሠራው ይኸው ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ውስጡ አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ከሥር እሳት ከበዛ ስጎው ያርራል። ከሰሉን ሦስት ቦታ አስቡት፤ አንዱን እጅ ብቻ ከሥር፣ ሁለቱን እጅ ከላይ። ወፍራም የብረት ድስት ተጠቀሙ፤ በብረት ክዳን ወይም በቆርቆሮ ሸፍኑትና ፍሙን ከላይ እኩል በትኑ። ከ15 ደቂቃ በኋላ አመዱ እንዳይገባ በጥንቃቄ ከፍታችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ለድፎ የምናነጥፈው የኮባ ቅጠል እዚህ አያስፈልግም።

የሱሉልታ ብርድ ከሰሉን ወደ ቤት አስገቡት አስገቡት ይላል። አታስገቡት። ከሰል ሲነድ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ተኝቶ እንዲቀር ያደርጋል። ጋገራው ከደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን፤ የተረፈውም ፍም ተዳፍኖ ሳይሆን በውሃ ጠፍቶ ይደር።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ላለው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ትሪውን ምጣድ ላይ አስቀምጦ አክንባሎ መክደን ብዙዎች ሞክረውታል። ሙቀቱ ከሥር ብቻ ስለሚመጣ ሽፋኑ በእንፋሎት ይበስላል እንጂ አይቀላም፤ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ሽፋኑን ለብቻ ጋግሩት። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው በወተት ለስለስ አድርጋችሁ አቡኩ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው በትሪው ልክ ዘርጉና እንደ ቂጣ በመካከለኛ ሙቀት በሁለቱም ጎን ጋግሩ። ቅቤ ቀብታችሁ በሚንተከተከው ውስጥ ላይ አልብሱት። እውነቱን ለመናገር ልጆች ከኦቨኑ ይልቅ ይህን ይወዱታል፤ ቂጣው ከላይ ደረቅ፣ ከሥር ስጎ የጠጣ ይሆናል።

የትናንት ዳቦ ያለው ሰው ይህንንም አይልፋ። ዳቦውን በአራት ማዕዘን ቆራርጦ በወተትና በእንቁላል ነክሮ ከላይ ይደርድረው። ከባግዳዱ ጁዛባ ጋር ዝምድናው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ለኢፍጧር፣ ለጎረቤትና ለነገ

በረመዷን ይህ ምግብ የሚመቸው ሥራው ለሁለት ስለሚከፈል ነው። ዶሮው ከዙህር በፊት ይቀቀላል፤ ስጎው ከዐስር በኋላ ይሠራል። ሽፋኑ ተለውሶ ወደ እሳት የሚገባው መግሪብ ሊደርስ 40 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በተምርና በውሃ አፍጥሮ፣ ሰግዶ ለሚመለስ ሰው ትኩስ ሆኖ፣ ረግቶ ይጠብቀዋል።

በአንድ ግቢ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር የምትኖሩ ከሆነ ዶሮውን እንደማይበላላችሁ ታውቃላችሁ፤ ምናልባትም ጾም ላይ ነው። በትንሽ ሳህን ለብቻ የጾም አድርጉለት። ቅቤው በዘይት፣ መረቁ አትክልት በተቀቀለበት ውሃ፣ ወተቱም በውሃ ይተካል፤ ሥጋው ቦታ እንጉዳይ ወይም የተቀቀለ ሽምብራ ይግባ። ሽፋኑም ያለ እንቁላል፣ በዘይት ቂጣ። በዶሮው ጭልፋ ግን አታማስሉት። ለእሱ ሲባል ንጹሕ ማንኪያ መያዛችሁን ባያይም እናንተ ታውቁታላችሁ።

የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ ማዕድ ላይ አይቆይ። ወተትና ዶሮ ያለበት ነው፤ «ብርድ አገር ነው፣ አይበላሽም» የሚለው የሱሉልታ ሰው አባባል ለዳቦ ይሠራል እንጂ ለዚህ አይሠራም። ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ዘርግታችሁ ቶሎ እንዲበርድ አድርጉና ፍሪጅ አስገቡት። በሁለት ቀን ውስጥ መሃሉ እስኪንተከተክ አሙቃችሁ ብሉት። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ካደረ ግን ለሰው አታቅርቡት።